ውድቅ ይደረግ ያልሁት ጥናት በሌላ ጆርናል ታትሞ አገኘሁት

ገምጋሚ ቁጥር ሁለት

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ለሳምንታት ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ዓምና አንድ ጆርናል አንድ ረቂቅ ጥናት እንድገመግምለት ላከልኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ አቀራረቡም የሰከነ ነው። ይሁን እንጂ የፕሮቲን መጠን የሚያሳዩትን ምስሎች አጉልቼ ስመለከት፣ በሁለተኛው ምስል ላይ ካሉት ጥቋቁር ሰረዞች አንዱ በግራ ጫፉ የአቧራ ቅንጣት የምታህል ነጥብ እንዳለችበት አየሁ። አራት ገጽ አልፌ፣ ፈጽሞ የተለየ ሙከራ ያሳያል በተባለው ምስል ላይ፣ ያችው ነጥብ በቀኝ ጫፍ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ምስሉን እንደ መስተዋት ገልብጬ አንዱን በአንዱ ላይ ሳነባብረው ሰረዞቹ ልክ ለልክ ገጠሙ። ይህንኑ ለአርታኢው ጻፍሁ፤ ረቂቁም ውድቅ ተደረገ። እኔም ሥራዬ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ፋይሉን አጠፋሁት።

ባለፈው ወር ለራሴ ጽሑፍ ማጣቀሻ ስፈልግ ያው ጥናት በሌላ ጆርናል ታትሞ ፊቴ ድቅን አለ። ርእሱ ጥቂት ተለውጧል፤ ሰረዞቹ ግን የማውቃቸው ናቸው። የምስሉ ጫፍ ብቻ በስሱ ተቆርጧል፤ ነጥቧም ከቁራጩ ጋር ሄዳለች። በዚህ ላይ በረቂቁ ላይ ያልነበረ አንድ ስም ከደራሲያኑ ተርታ ገብቷል።

ገምጋሚ ያነበበውን ረቂቅ በምስጢር የመያዝ ግዴታ እንዳለበት አውቃለሁ። ያየሁትን ለሁለተኛው ጆርናል በቀጥታ ብጽፍ፣ በምስጢር የተሰጠኝን ነገር አውጥቼ መናገሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርተው ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ሲያፈሱ እያየሁ ነው። በእናንተ አስተያየት የገምጋሚ ግዴታ የት ላይ ያበቃል? (ጥናቱን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችሉ ዝርዝሮችን ሆን ብዬ ለውጫለሁ።)

የቀድሞ አርታኢ

የተከበሩ ገምጋሚ፣ ምስጢር የሆነውና የታተመው ተለይተው ቢታዩ ጉዳዩ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። የታተመ ጥናት የአደባባይ ነገር ስለሆነ ማንም አንባቢ ስለ እርሱ ለአርታኢው መጻፍ ይችላል። ምስጢር የሚሆነው ረቂቁ ነው፤ ማለትም ያች ነጥብ ቀድሞ የት እንደነበረች የሚያሳየው የቀድሞው ቅጂ ነው። ያንን ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ደግሞ የመጀመሪያው ጆርናል ነው። ስለዚህ መጻፍ ያለብዎት እንዲገምግሙ ለጠየቁዎት አርታኢ ነው። እርሳቸው ሁለተኛውን አርታኢ ያነጋግራሉ፤ የእርስዎ ስም በመካከል ይገለጽ ወይስ አይገለጽ የሚለውም በፈቃድዎ ይወሰናል። ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ የመሠረቱት የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በአጭሩ ኮፕ፣ ገምጋሚዎች ጥርጣሬያቸውን ለጆርናሉ እንዲያሳውቁ፣ ካልተጠየቁ በስተቀር ግን በራሳቸው ምርመራ እንዳይጀምሩ ይመክራል።

ፋይሉን ማጥፋትዎ የሚያስመሰግን ነው። የሰው ረቂቅ እንዳለ ወደ ቻትጂፒቲ አስገብቶ አስተያየት የሚያስጽፍ ገምጋሚ በሚሰማበት በዚህ ጊዜ፣ አደራ የገባውን ሰነድ የሚያጠፋ ሰው ማግኘት ደስ ያሰኛል።

ሲጽፉ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። «በዚህ ምስል ያለው ሰረዝ በዚያ ምስል ካለው ጋር ይመሳሰላል» ማለትና «አጭበርብረዋል» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዓይን የሚያረጋግጠው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰው ሐሳብ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ እርሱን ለመስጠት ደግሞ እርስዎም እኔም በቂ ማስረጃ የለንም። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የተደጋገሙ ምስሎች መካከል ፋይሎች ተመሳሳይ ስም ስለተሰጣቸው ብቻ የተሳሳቱ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የመጀመሪያው አርታኢ ረቂቁን ውድቅ ከማድረግ በቀር ምን አደረጉ? እኔ እንደማምነው የሥነ ምግባር ጥርጣሬ ያለበትን ረቂቅ ውድቅ አድርጎ መመለስ ግዴታን መወጣት አይደለም፤ ጎረቤት ላይ መድፋት ነው። አርታኢው ደራሲያኑን ዋናዎቹን ምስሎች እንዲያቀርቡ መጠየቅ፣ በቂ መልስ ካላገኘ ደግሞ ጉዳዩን ለሚሠሩበት ተቋም ማሳወቅ ነበረበት። ያን ሳያደርግ የቀረ አርታኢ ለደራሲያኑ ያስተማራቸው ነገር ቢኖር ነጥቧን የት ጋ መቁረጥ እንዳለባቸው ነው።

ቁጥር አጣሪ

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እውነት ስለሆነች ታስቃለች። እኔ ግን ከቀድሞው አርታኢ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ጉዳዩን ለአርታኢ መተው ማለት ብዙ ጊዜ ለዓመታት መተው ማለት ነው።

ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘውና በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተው የብሪታንያዊው ሐኪም የዌክፊልድ ጽሑፍ ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በ2004 ከ13ቱ ደራሲያን 10ሩ የጽሑፉን ትርጓሜ እንደማይቀበሉ በይፋ አስታወቁ። ጆርናሉ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው ግን በ2010 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ ስንት ወላጅ ልጁን ሳያስከትብ እንደቀረ አስቡት። በአንጻሩ ያው ጆርናል በኮቪድ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 22 ቀን 2020፣ ከ96,000 በላይ ሕሙማንን ይመለከታል የተባለውን ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ስለተባለው የወባ መድኃኒት የተጻፈ ጥናት አውጥቶ፣ መረጃውን አቅርቤአለሁ ያለው ሰርጂስፊር የተባለ ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች ማሳየት ሳይችል ሲቀር፣ በጁን 4 ቀን ጽሑፉ ተሽሯል። አሥራ ሦስት ቀን! ልዩነቱን ያመጣው የአደባባይ ጩኸት ነው። የመስኩ ባለሙያዎች በግልጽ ደብዳቤ ቁጥሮቹን እያነሱ ስለሞገቱ ነው።

ምስልን በተመለከተም ችግሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዋ ኤሊዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከ40 ጆርናሎች የተወሰዱ 20,621 ጽሑፎችን በዓይን መርምረው 3.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ ችግር ያለበት ምስል አግኝተዋል፤ ከእነዚህም ቢያንስ ግማሾቹ ሆን ተብሎ የተደረገ ማጭበርበርን የሚጠቁሙ ነበሩ። ታዲያ ከ2012 ጀምሮ ፐብፒር የተባለ፣ የታተሙ ጥናቶች በግልጽ የሚተቹበት ድረ ገጽ እያለ፣ ለምን በጓዳ ደብዳቤ ይለፋሉ? በታተመው ቅጂ ላይ ብቻ በመመሥረት፣ ረቂቁን ሳይጠቅሱ፣ ሰረዞቹ መመሳሰላቸውን እዚያ ይጻፉ። ምስጢርም አይወጣም።

የቀድሞ አርታኢ

ለቁጥር አጣሪ፦ የላንሴት ምሳሌዎ ያሳፍራል፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳዮች በፍጥነት ብቻ አይለያዩም። በ2020ው ጉዳይ ከአራቱ ደራሲያን ሦስቱ ራሳቸው ጽሑፉ እንዲሻር ጠይቀዋል። ደራሲያን ሲስማሙ መሻር የቀናት ሥራ ነው። ሲከራከሩ ግን አርታኢ ቤተ ሙከራ ገብቶ መሳቢያ የመክፈት ሥልጣን የለውም፤ ያን ማድረግ የሚችለው አሠሪ ተቋሙ ነው፤ ተቋሙ ደግሞ የራሱን ስም ለመጠበቅ ሲል የሚያዘገይበት ጊዜ አለ።

ይህን ስል ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። አርታኢ ሳለሁ አንድ አንባቢ ስለ አንድ ሠንጠረዥ በሚገባ የተብራራ አቤቱታ ጻፈልን። ደራሲው በጠበቃ በኩል ደብዳቤ ላከ። አሳታሚያችን «እንጠብቅ» አለ፤ እኔም እሺ አልሁ። ሁለት ዓመት ጠበቅን። በመጨረሻ አቤት ባዩ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን ጽሑፉ ላይ አንዲት መስመር ማሳሰቢያ እንኳ አላስቀመጥንም። ምርመራው ሳያልቅ አንባቢን የሚያስጠነቅቅ ማሳሰቢያ ማውጣት እንደምንችል አውቅ ነበር። የቀረሁት ስለፈራሁ ነው።

በፐብፒር ላይ መጻፍ ክልክል ነው አልልም። ለማንኛውም አንባቢ መብቱ ነው። ገምጋሚያችን ግን ተራ አንባቢ አይደሉም፤ ወዴት መመልከት እንዳለባቸው የነገራቸው በምስጢር የተሰጣቸው ረቂቅ ነው። በመጀመሪያ በሩን ያንኳኩ፤ በተመጣጣኝ ጊዜ ካልተከፈተ ያን ጊዜ አደባባይ መውጣቱ አያስነቅፍም።

ጀማሪ ተመራማሪ

ሁላችሁም ስለ ምስሉ ስትነጋገሩ እኔን የያዘኝ የተጨመረው ስም ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው አማካሪዬ የአንድ ባልደረባቸውን ስም እንዳስገባ አዘዙኝ። ሰውየው ሙከራውን አላዩም፤ ረቂቁንም አላነበቡም። ምክንያቱን ስጠይቅ «በሚቀጥለው የእርሳቸው ጽሑፍ ላይ ያንቺም ስም ይገባል» ተባልኩ። አስገባሁት። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የተሰማኝ ኀፍረት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ የታወቀ ስም ስላለበት በቀላሉ ያልፋል ብዬ አሰብኩ።

ቆይቶ የዓለም አቀፉን የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ መመሪያ አነበብኩ። ደራሲ ለመባል በሥራው ሐሳብ ወይም መረጃ ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በተጨመረው አራተኛ መስፈርት መሠረት ደግሞ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ ለመሆን መስማማት ያስፈልጋል። አራቱም መሟላት አለባቸው እንጂ አንዱ ብቻ አይበቃም። በዚህ ሚዛን ያ ሰው ደራሲ አልነበሩም።

ያ አራተኛው መስፈርት ግን እኔንም ያስጨንቀኛል። በጽሑፌ ላይ ካሉት ምስሎች ሁለቱን የላኩልኝ በሌላ ቤተ ሙከራ ያሉ ተባባሪ ናቸው። ተከርክመውና ተስተካክለው ነው የደረሱኝ። ዋናውን ፋይል ላኩልኝ ብል «አታምኚኝም ወይ» እንዳልባል ፈርቼ አልጠየቅኩም። የመጀመሪያ ደራሲ ሆኜ የማላየውን ነገር እንዴት ተጠያቂ እሆንበታለሁ?

የቤተ ሙከራ ኃላፊ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ መልሱም «ጠይቂ» ነው። መጠየቁን ከባድ ያደረግነው ግን እኛ አማካሪዎች ነን።

እ.ኤ.አ. በ2002 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ተመራማሪ የነበረው ያን ሄንድሪክ ሾን መረጃ ፈጥሮ መጻፉ ሲታወቅ፣ መነሻው በተለያዩ ሙከራዎች ላይ በተሠሩ ግራፎች ውስጥ የታየው የመለኪያ መዋዠቅ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነበር። በተፈጥሮው ዝብርቅርቅ መሆን ያለበት ነገር ራሱን ደገመ። መርማሪው ኮሚቴ የሾንን ተባባሪ ደራሲያን ከማጭበርበር ነፃ አድርጓቸዋል፤ ነገር ግን አብሮ የሚጽፍ ሰው የባልደረባውን መረጃ ምን ያህል የማጣራት ኃላፊነት አለበት የሚለውን ጥያቄ ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል። እነዚያ ሰዎች ጥሬ መረጃውን አንድ ቀን አሳየን ቢሉት ኖሮ ነገሩ ቀድሞ ይታወቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በእኛ ቤተ ሙከራ ያደረግነው ነገር ይህ ነው። ረቂቅ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት ያልተከረከሙት ምስሎች ሁሉ፣ ማሽኑ ከሰጠው ቀንና ሰዓት ጋር፣ ሁሉም ደራሲ በሚያየው አንድ ማኅደር ውስጥ ይገባሉ። የእኔም ጭምር። ደንብ ስለሆነ ማንም «አታምኑኝም» ብሎ አይቆጣም፤ ጥያቄው የሰው ሳይሆን የማኅደሩ ነው። ማን ምን እንደሠራም 14 የሥራ ድርሻዎችን በሚዘረዝረው ክሬዲት በሚባለው አሠራር ገና ከጅምሩ እንጽፋለን። ድርሻ የሌለው ስም ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ረድፍ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ ረድፍ ደግሞ ያሳፍራል።

ስለ መሻርም አንድ ነገር ልበል። በእኛ ሞያ «ጥናቱ ተሻረ» ሲባል «ሰውዬው ሌባ ነው» ተብሎ ስለሚሰማ፣ በቅንነት የተሳሳተ ሰው እንኳ ስሕተቱን ለመናገር ይፈራል። በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ የሆነችው ፍራንሲስ አርኖልድ በ2020 መጀመሪያ ላይ አንድ ጽሑፏን ራሷ አስሽራለች። ውጤቱ ሊደገም አልቻለም፤ የቤተ ሙከራ ማስታወሻውም ሲመረመር ለቁልፍ ሙከራዎች መኖር የነበረባቸው መዛግብት አልተገኙበትም። ይህንኑ በይፋ ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ያላት ክብር አልቀነሰም፤ በእኔ ዘንድስ ጨምሯል።

ተጠራጣሪው

ሁሉም ጥሩ ተብሏል፤ ግን ሸክሙ የወደቀው ማን ላይ እንደሆነ አስተውላችኋል? ያለ ክፍያ በሚገመግም ሰው፣ ከራሱ ሥራ ጎን ለጎን በሚያርም አርታኢና በአንዲት ተማሪ ላይ ነው። ገንዘቡን የሚሰበስበው አሳታሚ በዚህ ውይይት ውስጥ እስካሁን የተነሣው አንዴ ብቻ ነው፤ እርሱም «እንጠብቅ» ሲል።

ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የሞላውን ሐሰተኛ ጥናት ለ304 ክፍት ተደራሽ (ማንም በነፃ ሊያነባቸው ለሚችል) ጆርናሎች ልኮ፣ 157ቱ እንደተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ መጽሔት ላይ ጽፏል። ያን ጊዜ «እነዚህ ክፍያ እየተቀበሉ ያለ በቂ ምርመራ የሚያትሙ አዳኝ ጆርናሎች ናቸው፤ ታላላቆቹን አይመለከትም» ተባለ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2023 ዋይሊ የተባለው ታላቅ አሳታሚ የገዛው ሂንዳዊ የተባለ አሳታሚ ብቻውን ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሻረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በልዩ እትሞች አማካይነት የገቡ፣ ግምገማቸውም የተጭበረበረ ነበር። ጽሑፍ በታተመ ቁጥር ከደራሲው ክፍያ የሚቀበል ድርጅት በር ላይ ጥብቅ ዘበኛ ለማቆም ምን ያተጋዋል? ምስል የሚያነጻጽር ሶፍትዌር አለ፤ አሳታሚ ሊገዛው ይችላል። ጥናቱን ለመመርመር ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መቅጠርም ይችላል። እነዚህ እያሉ የአንድን ገምጋሚ ኅሊና መመርመር ለእኔ ነገሩን ከጅራቱ መያዝ ነው።

ገምጋሚ ቁጥር ሁለት

ለተጠራጣሪው፦ በአሳታሚው ላይ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም አሳታሚው እስኪለወጥ ድረስ ነጥቧን ያየሁት እኔ ነኝ። ለመጀመሪያው አርታኢ ዛሬ ጻፍሁ። የታተመውን ገጽ አመልክቼ፣ ከዓምናው አስተያየቴ ሦስተኛ አንቀጽ ጋር እንዲያስተያዩት ጠየቅሁ። «ማጭበርበር» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁት።

ገምጋሚ ቁጥር ሁለት (ከአራት ወር በኋላ)

የሆነውን ልንገራችሁ። አርታኢው በዘጠኝ ቀን ውስጥ መለሱልኝ። ዓምና ደራሲያኑን ዋናዎቹን ምስሎች ጠይቀው መልስ አጥተው ነበር፤ ረቂቁ ውድቅ ሲሆን ጉዳዩም አብሮ እንደተዘጋ ቆጥረውታል። የመጀመሪያው አርታኢ የቀድሞ አርታኢ እዚህ መድረክ ላይ የጻፉትን ባያነቡትም፣ «ለተቋማቸው መጻፍ ነበረብኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በደብዳቤያቸው ውስጥ አለ። ረቂቁን ከእኔ ስም ውጭ ለሁለተኛው ጆርናል አጋሩ።

ሁለተኛው ጆርናል ምርመራ መጀመሩን የሚገልጽ ማሳሰቢያ በጽሑፉ አናት ላይ በሰባተኛው ሳምንት አወጣ። ደራሲያኑ ለአንደኛው ምስል ዋናውን ፋይል አቀረቡ፤ ትክክለኛው ሰረዝ ሌላ ነበር፤ ሲቀናበር በስሕተት የተተካ ይመስላል። ለሁለተኛው ምስል የሚሆን ፋይል ግን አልተገኘም። ከዚያ በፊት የተቆረጠው ጫፍ ለምን ተቆረጠ ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ በተቋማቸው እየታየ ነው። የተጨመረው ስም ባለቤት ስማቸው እንዲወጣ ጠይቀዋል፤ አርታኢው ግን ምርመራው ሳያልቅ ማንም ስሙን ማስወጣት አይችልም ብለዋል፤ ይህን ብልህነት ወድጄላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ጆርናል በምትኩ የቀረበውን ምስል እንድገመግም ስለፈለገ፣ የመጀመሪያው አርታኢ ማንነቴን እንዲነግሩት እፈቅድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስሜን መግለጹን ፈቀድሁ፤ ግምገማውን ግን እንደማልቀበል ገለጽሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሳሽ ሆኛለሁ፤ አዲሱን ምስል ስከፍት ዓይኔ አስቀድሞ የግራውን ጫፍ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሌላ ሰው እያየው ነው።